ከጓዳ ወደ ጉባኤ

እኛ የአርሲ ነገሌ ሴቶች ነን። በመካከላችን ነጠላዋን አጣፍታ በየእሑዱ የምታስቀድስ አለች፤ በረመዳን ለሱሑር ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድማ የምትነሣ አለች፤ ከሥራ መልስ ከእህቶች ኅብረት ጋር ለጸሎት የምትንበረከክ አለች፤ ዝናብ ሲጠፋ የሲንቄ በትሯን ጨብጣ ወንዝ ወርዳ አምላኳን ዋቃን የምትለምንም አለች። ቄስ አይደለንም፣ ኢማም አይደለንም፣ መጋቢም አይደለንም። ይህን ቃል ስናወጣም ክህነት እየጠየቅን አይደለም። መካነ ኢየሱስ ሴቶችን በቅስና ለመሾም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወስና በ2000 የመጀመሪያዋን ሾማለች፤ ለእህቶቻችን ደስ ይለናል። የኦርቶዶክሷና የሙስሊሟ ቤት ሌላ ሥርዓት አለው፤ ያንንም እናከብራለን። እኛ የምንናገረው ከመቅደሱና ከሚህራቡ ውጭ ስላለው ሥራ ነው። ያ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን ያለ ነው። ስለ ሥራው የሚመከርበት ጉባኤ ግን እኛን አያውቀንም። ይህ በእኛ ዕድሜ እንዲለወጥ ተነሥተናል።

ነገሌን በአስፋልቱ የሚያልፍ መንገደኛ ከተማዋን በአረቄዋ ያስታውሳታል። አረቄውን የምታወጣዋን ሴት ግን ማን ያስታውሳታል? ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች። ድፍድፉን ትጥዳለች፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ መቃው የተጋጠመበትን ዙሪያ በሊጥ ትመርጋለች፣ ከዚያ እሳቱ ሳይበረታም ሳይደክምም እንዲቆይ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርራል፤ ከደከመ አረቄው አይወጣም። ጭሱ ዓይኗንና ሳንባዋን ለዓመታት ይበላዋል። ከሽያጩ የልጆቿ ደብተር ይገዛል፣ የዕድሯና የዕቁቧ ይከፈላል፣ የተረፈው ለደብሩ ግንብ ይሄዳል። ደብሩ ሲመረቅ ምንጣፉ ላይ የሚቀመጡት ሌሎች ናቸው። እሷ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥ እያማሰለች ነው።

እሑድ ደግሞ በዐውደ ምሕረቱ አረቄ ይወገዛል። መወገዙ ትክክል ነው። ስካር ስንት ቤት እንዳፈረሰ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የተደበደብነው እኛ ነን። ለማንደጃ የሚቆረጠው እንጨት የሙኔሳን ደን ማራቆቱንም እናያለን። ነገር ግን ይህች ሴት እሳቷን አጥፍታ በምን ትደር ብሎ የመከረ ጉባኤ እስካሁን አላየንም። ከእሷ ጋር ማንም አልተቀመጠም። የተወሰነው ስለ እሷ ነው፤ እሷ ግን አልነበረችበትም። የቅሬታችን ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ ሌላው ቅርንጫፉ ነው።

ሌላም ሥራ አለን፣ በሩ ተዘግቶ የሚሠራ ስለሆነ ወንዶች አይተውት የማያውቁት። ሙስሊም ሴት ስትሞት የምታጥባት ሴት ናት። ውሃውን በቁርቁራ ቅጠል ታዘጋጃለች፣ ከቀኝ ትጀምራለች፣ ገላው እንዳይጋለጥ በጨርቅ እየሸፈነች ታጥባለች፣ በመጨረሻው ውሃ ላይ ካፉር ትጨምራለች፣ ፀጉሯን ሦስት ቦታ ትጎነጉናለች፣ በአምስት ጨርቅ ትከፍናታለች። ይህ ሥርዓት ከየት መጣ ቢባል ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው ስትሞት ለሚያጥቧት ሴቶች ያስተማሩት ነው፤ ለእኛ የደረሰውም ከአጣቢዎቹ በአንዷ፣ በኡሙ ዐጢያ አንደበት ነው። ወንዶች ሊቃውንት ሳይቀሩ ከእሷ ተምረዋል። ዛሬ በየሰፈራችን ይህን ሥራ የሚሠሩትን እናቶች እስቲ ስማቸውን ጥሩ ቢባል፣ ከመስጊዱ መዝገብ አንድም ላይገኝ ይችላል። ሌሊት በር ሲንኳኳ ይነሣሉ፣ ያጥባሉ፣ ለቤተሰቡ የሟቿን ገመና ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ከእነሱ በኋላ ማን ያጥበናል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ሊነሣን ይገባል።

የሰንበቴውን ጠላ የሚጠምቁ፣ የማኅበሩን ጽዋ ከቤት ቤት የሚያዞሩ፣ ንፍሮ የሚቀቅሉ፣ ለቅሶ ቤት ሰባት ቀን የሚያድሩ፣ ለታመመ አጥሚት ይዘው የሚሄዱ፣ ሕፃናትን በዐቢይ ጾም መዝሙር የሚያስጠኑ፣ ቁርኣን ቤት ለሚቀመጠው ደረሳ እንጀራ የሚልኩ፣ አዲስ አማኝ ሲመጣ መጀመሪያ ቤቱን የሚጎበኙ እነማን ናቸው? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ሁሉም ስለሚያውቀው ነው የማይነገረው።

በጉባኤው እንቀመጥ የሚለው ጥያቄያችን ከባሕር ማዶ የተዋስነው ሐሳብ ነው የሚሉን እንደሚኖሩ እናውቃለን። እኛ ግን የምንጠቅሰው ከየቤታችን ነው።

የነቢዩ ባልደረቦች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ የመጡበትን፣ ጃዕፈር በነጃሺ ፊት ቆሞ ሱረቱ መርየምን ያነበበበትን ታሪክ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይኮራበታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሰላም ንግግሩ ላይ ይጠቅሰዋል። ያንን ታሪክ ያወራችልን ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው፣ በኋላ የነቢዩ ባለቤት የሆነችው ኡሙ ሰለማ ናት። እንግዲህ ስለ መቻቻላችን የምንናገረው ትልቁ ታሪክ በአንዲት ሴት ትዝታ ላይ ቆሟል። ይህችው ሴት እ.ኤ.አ. በ628 በሑደይቢያ ጊዜ፣ ባልደረቦቹ በውሉ አዝነው የተባሉትን አልታዘዝ ሲሉ፣ ነቢዩ ድንኳኗ ገብተው የሆነውን ነገሯት። ማንንም ሳታናግር ወጥተህ የራስህን መሥዋዕት እረድ፣ ፀጉርህን ተላጭ ብላ መከረች። ነቢዩ እንዳለችው አደረጉ፤ ሕዝቡም ተከተለ። ምክሯን የሰሙት መልእክተኛው እራሳቸው ከሆኑ፣ የነገሌ መስጊድ ኮሚቴ ሴት አላማክርም የሚልበት ምክንያት ምንድን ነው?

በክርስቲያኑ በኩል የትንሣኤን ዜና መጀመሪያ የሰማችውና ለሐዋርያት ያደረሰችው መግደላዊት ማርያም ናት፤ ይህን በየፋሲካው እንሰማዋለን። ወለተ ጴጥሮስ የንጉሥ ሱስንዮስ ባለሟል ሚስት ነበረች። ንጉሡ የሮማን እምነት ሲቀበል ባሏን፣ ሀብቷን፣ ክብሯን ትታ ወጣች፤ ብዙ ሕዝብ ሰብስባ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተች። ካህን አልነበረችም። ካህናቱ ግን ይከተሏት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1642 ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገድሏን የጻፈውም መነኩሴ ነው። ቅኔ የወንድ ነው ለሚሉን ደግሞ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ፤ ዓይናቸው ሳያይ ከአባታቸው ተምረው ጎጃም ላይ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶች ተማሪዎችን ለመምህርነት አብቅተዋል።

አስቴር ገኖን በተለይ ለኦሮሞ ልጆች እንንገር። በልጅነቷ ተሽጣ በባሕር ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ ነው ነፃ የወጣችው፤ ከዚያም ምፅዋ አጠገብ በምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ፣ እሱ ከአገሩ የተወሰደው ገና ሕፃን ሳለ ነበርና ቋንቋው ይጎድለው ነበር። ጉድለቱን የሞላችው የእሷ ጆሮና ትውስታ ነው። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ከልቧ እየቀዳች ጻፈች፤ በ1894 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ የእሷ ድርሻ ትልቅ ነበር። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያ ወለጋ ሄዳ ነቀምት ላይ ልጆች ስታስተምር ኖረች። በየቤተ ክርስቲያኑ የኦነሲሞስ ስም ይጠራል፤ ሊጠራም ይገባዋል። የእሷን ስም ግን ስንት ወጣት ያውቀዋል?

አበበች ጎበናም እንደነዚህ ሴቶች ናት። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ለመሳለም የሄደች ምእመን ነበረች። በመንገድ ረሃብ ያጋደማቸውን አየች፤ ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት ይዛ ተመለሰች፤ ቤተሰቧ ሲቃወማት ቤቱን ትታ ወጣች። የሰው ሁሉ እናት የሆነችበት ሥራ የጀመረው ጉባኤ ወስኖላት አልነበረም። ታቦት ልትሳለም ሄዳ ሰው አግኝታ ስለተመለሰች ነው።

ወደ ራሳችን ምድር እንምጣ። አርሲ ሴት የሃይማኖት ሰው አታውቅም የሚል ካለ ታሪኩን አያውቅም። በፈረቀሳ የነበሩትን ስቲ ሞሚናን አያቶቻችን የአርሲዋ እመቤት ይሏቸው ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በእግሩ ተጉዞ ደጃቸው ይደርስ ነበር። ስለዚያ ቦታ የዛሬ ኡስታዞችም መምህራንም የየራሳቸው ክርክር አላቸው፤ እዚህ አንገባበትም። ይህች ምድር ሴትን መንፈሳዊ እናት ብላ መስማት ታውቅበት እንደነበር ግን ማንም አይክደውም።

ሲንቄስ? ሲንቄ ለአርሲ ልጅ እናቷ በሠርጓ ዕለት የምታስይዛት ቀጭን በትር ናት። ወንድ አይነካትም። ባል ሚስቱን ሲያዋርድ፣ ይልቁንም የአራስነት ቀኗ ሳያልፍ ሲማታ፣ ሴቶች በእልልታ ይጠራራሉ፤ ጓዳው ይተዋል፣ ከብቱ ሳይታለብ ይቀራል፣ ሴት ሁሉ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ጥፋተኛው ከብት አቅርቦ ይቅርታ ካልጠየቀና ካልታረቀ አይመለሱም። ሁለት ጎሣ ጦር ሲማዘዝ ሲንቄ የያዙ እናቶች መሐል ይገባሉ፤ እነሱን አልፎ የሚዋጋ ሰው የሥነ ምግባር ሕጉን ሰፉን የጣሰ፣ ከዋቃ ጋር የተጣላ ሆኖ ይቆጠራል። ሕጉ በወታደር የሚጠበቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ ያምንበት ስለነበረ ብቻ ይሠራ ነበር። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ዓለም ስለዚህም ሰምቷል። በኋላም አንድ ትልቅ ባንክ ሲንቄ ተብሎ ተሰይሟል። በበዓልና በሰልፍ ላይም እናቶቻችን ሲንቄያቸውን ይዘው ከፊት እንዲቆሙ ይደረጋል፤ ፎቶው ያምራል።

እኛ የምንፈልገው የሚያምረውን ፎቶ አይደለም። ሥልጣኑን ነው። አንዲት ሚስት ፊቷ አብጦ ወደ ነፍስ አባቷ ስትሄድ፣ ወይም ወደ ሸኹ፣ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስትሄድ፣ በአብዛኛው የሚሰጣት ምክር አንድ ነው፤ ቻዪው፣ ለልጆችሽ ስትዪ ታገሺ፣ ጸልዪ። ሦስቱ ቤቶች በብዙ ነገር ይለያዩና በዚህ አንድ ይሆናሉ። አያቶቻችን ከዚህ የተሻለ ያውቁ ነበር። ከእንግዲህ የተደበደበች ሴት ጉዳይ ሴት በሌለችበት ሽምግልና እንዳይታይ እንጠይቃለን። ካስፈለገም እንቢ እንላለን፤ እንቢ ማለትን ሲንቄ አስተምራናለች።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሆነውንም ሳንናገር አናልፍም። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት ነገሌን በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ከተሞች ነደዱ። ሰው በማንነቱና በእምነቱ ተፈልጎ ተገደለ፣ የዘመናት ጥሪት አመድ ሆነ። በዚያው ሰዓት ጎረቤቱን ቤቱ አስገብቶ በሩ ላይ የቆመም ነበር። ከጓዳ የተደበቀውን ያበላችው፣ ልጆቹን ከልጆቿ ጋር አደባልቃ ያስተኛችው ሴት ናት። ከዚያ በኋላ የእርቅ ጉባኤ ሲጠራ አዳራሹን የሞሉት አባቶች ነበሩ። ሰው ያተረፈችው ሴት ምን እንዳየች፣ ማን እንደ መጣና ምን ብላ እንደ መለሰችው አልተጠየቀችም። ለሚቀጥለው ክፉ ቀን የሚበጀው ዕውቀት ያለው እሷ ጋ ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ ቃላችን ይህ ነው።

መዋጮአችን የገባበትን መዝገብ ማየት እንፈልጋለን። ግንቡን የሠራው፣ ምንጣፉን ያነጠፈው፣ ድምፅ ማጉያውን የገዛው ገንዘብ ከእኛ መቀነትም ወጥቷል። በሴቶች ዕድር ሒሳብ እንይዛለን፣ ገንዘብ እንሰበስባለን፣ ቀሪና ዕዳ እናስታርቃለን፤ በዓመቱ መጨረሻ አንዲት ብር ብትጎድል ሰፈር አያስተኛንም። ሒሳብ አያውቁም የሚለን ካለ የዕድራችንን ደብተር ይምጣና ይይ።

ወንበር እንፈልጋለን። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤው ደንብ ቃለ ዓዋዲ ከወጣበት ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ምእመናን በሰበካ ጉባኤ ከካህናት ጋር ይቀመጣሉ። ምእመናን ሲባል ግን በብዙ አጥቢያ ወንዶች ማለት ሆኖ ቀርቷል። ሕጉ እንዲለወጥልን አንጠይቅም፤ በተጻፈው እንድንሠራ ይፈቀድልን። በመስጊድ ኮሚቴና በወንጌላውያኑ ሽማግሌዎች ዘንድም እንዲሁ። አንዲት ሴት ብቻዋን አስገብቶ ዝም ማሰኘትም አንቀበልም፤ ከሦስት ያላነስን ሆነን እንገባለን፣ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ቡና እንድታፈላ ትላካለችና።

ትምህርት እንፈልጋለን፤ ከሁሉ በላይ ይህን። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጃገረድ ድምፅዋ ለመዝሙር ብቻ አይፈለግ፤ ግእዝ ትማር፣ ትርጓሜ ትስማ። ሙስሊም ልጃገረድ ቁርኣን ከማኽተም አልፋ የሃይማኖቱን ሕግ ፊቅህን ትቅራ፣ ሴቶች ስለ ገላቸው ሥርዓት አፍረው ወንድ ኡስታዝ ከመጠየቅ የምታድናቸው ዓሊማ ትሁን። መስጊድ ሲሠራ የሴቶች መስገጃ በመጨረሻ የሚታሰብ ጠባብ ክፍል አይሁን፤ ኹጥባው ይሰማን። የወንጌላውያኗ እህታችን በእህቶች ቀን ብቻ ሳይሆን በጉባኤው ሁሉ ፊት ታስተምር፤ ጵርስቅላ አጵሎስን የሚያህል ተናጋሪ ቤቷ ወስዳ መንገዱን በትክክል አስረድታዋለች።

እዚህ ላይ እናቶቻችንንም እንናገራቸው፣ በፍቅር። ሴት ልጅ ስትጠይቅ ዝም በይ የምንላት መጀመሪያ እኛ ነን። ባሕላችን ነው ብለን የምናስተላልፈውን ሁሉ እግዜርም አላህም አላዘዘውም። የሴት ልጅ ግርዛትን የሚያዝ የመጽሐፍ ቅዱስም የቁርኣንም ቃል የለም፤ አስገራዧም ገራዧም ግን ከእኛው ወገን ናት። ይህን ቢላዋ ራሳችን ካላስቀመጥን ከአባቶች ወንበር ለመጠየቅ ምን ፊት ይኖረናል?

የምናልማት ነገሌ ይህች ናት። በ2030 ዓ.ም. አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ መጀመሪያ የምትመጣው ወደ እኛ ክፍል ነው። ክፍሉን ሦስቱም ቤተ እምነቶች በተራ ይከፍላሉ። ዐረብኛ የምታውቀው ኡስታዛ ውሉን ታነብላታለች፤ ቤይሩት ኖራ የተመለሰችው እናት የሚገጥማትን ሳትደብቅ ትነግራታለች፤ የቁጠባ ደብተር የምትይዘው ሴት ገንዘቧን ለማን እንደምትልክ ትመክራታለች። ብትቀር ደግሞ የምትሠራው አለ፤ ሴቶቹ ከአረቄ እሳት አጠገብ የተነሡበት፣ የወንዝ ዳር አትክልቱና የወተቱ ማኅበር የነሱ የሆነበት ሥራ። በዚያች ከተማ ጥል ሲጫር ወጣቶቹ መንገድ ሳይዘጉ፣ ነጠላ የለበሰች፣ ሒጃብ ያደረገች፣ ሲንቄ የያዘች ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው መሐል አስፋልት ላይ ቆመዋል፤ ልጆቹም እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ፣ ያጠቧቸው፣ ያስተማሯቸው፣ ያጎረሷቸው ናቸውና። ማንም እነሱን ረግጦ አያልፍም።

አባቶቻችን፣ ሸኾቻችን፣ መጋቢዎቻችን፤ እናንተን ልንሽር አልመጣንም። ስታርፉ የምናለቅስላችሁ፣ ስትታመሙ የምናስታምማችሁ እኛ ነን፤ አብረን መምከር አያቅተንም። በሩን ብትከፍቱልን በምርቃታችሁ እንገባለን። ብትዘገዩ ሥራውን እንጀምራለን፣ እናንተም ትደርሱብናላችሁ።

ሥራው በዚህ ክረምት ይጀምራል። ሦስት ደብተር እንገዛለን። በአንደኛው ሙታን የሚያጥቡ፣ የሚገንዙ፣ ለቅሶ የሚይዙ፣ ልጆች የሚያስተምሩ ሴቶች ስም በየቀበሌው ይጻፋል፤ ከእያንዳንዷ ሥር ሙያዋን የምትማር አንዲት ወጣት ትመደባለች። በሁለተኛው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ለየቤተ እምነቱ ያዋጣነው ገንዘብ፣ እህሉና የጉልበት ቀኑ ሳይቀር ይመዘገባል፤ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ይዘነው እንቀርባለን። ሦስተኛው በሰኔ 2012 ሰው ያስጠለሉ ሴቶች የሚናገሩትን ይይዛል፤ ስማቸው የሚጻፈው ከፈቀዱ ብቻ ነው። እናቶች፣ መጻፍ የሚችል ልጅ ይዛችሁ ኑ። ከልጆቹ አማርኛ የሚጽፍም ኦሮምኛ የሚጽፍም ያስፈልገናል።